ከኩልፎ ዳር፦ «ቲቸር፣ እኛ የት ነበርን?»



በዚህ ወር ልንጽፍ ያሰብነው ልጆች በክረምት ስለሚያሳልፉት ጊዜ ነበር። ይሁን እንጂ በታሪክ ክፍለ ጊዜ አንድ ተማሪያችን ያነሣው ጥያቄ ሐሳባችንን አስቀየረን፤ የክረምቱ ጉዳይ ኢንሻ አላህ ለሚቀጥለው ይቆየን።

ልጁ ቤቱ ከኩልፎ ወንዝ ዳር ነው። ጠዋት ሲቀራ አድሮ ወደ ትምህርት ቤት የሚመጣ፣ በክፍል ውስጥ ብዙም የማይናገር ልጅ ነው። በዚያ ቀን ግን እጁን አወጣና እንዲህ ሲል ጠየቀን፦ «ቲቸር፣ ሰሓቦች ወደ ነጃሺ የመጡት በ615 ነው ብለውናል። ከዚያ የኢማም አሕመድ ጦርነት በ1529 ተጀመረ ብለውናል። በመሀሉ ከዘጠኝ መቶ ዓመት በላይ አለ። ያን ሁሉ ጊዜ እኛ የት ነበርን?»

ክፍሉ ሳቀ። እኛ ግን አልሳቅንም፤ ምክንያቱም በእርሱ ዕድሜ ሳለን ይኸው ጥያቄ በሆዳችን ነበር፤ ልዩነቱ እኛ እጃችንን አለማውጣታችን ነው።

ለፍትሕ ያህል መናገር አለብን። መጽሐፉ ያን ዘመን ጨርሶ አልዘለለውም። ይፋትን፣ ዳዋሮን፣ ባሌን፣ ሐድያን፣ አዳልን ይጠራል። ነገር ግን በአብዛኛው የሚጠራቸው ከማን ጋር እንደ ተዋጉና የማን ገባር እንደ ሆኑ ለመናገር ነው። በእነዚያ አገሮች ሰው እንዴት ይኖር ነበር? ልጁን ምን ያስተምር ነበር? ምን ይጽፍ ነበር? በወሎ ዑለማእ አማርኛን በዐረብኛ ፊደል ይጽፉ እንደ ነበር፣ ከእነዚህም አንዱ የሆኑት ሸኽ ጦልሃ ጃዕፈር በአጼ ዮሐንስ ዘመን፣ በ1878 እ.ኤ.አ. ከተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ወዲህ ሙስሊሙ ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ሲገደድ ተቃውመው የተነሡ ዓሊም እንደ ነበሩ ያ ልጅ ከየት ይሰማ? እኛ ራሳችን የሰማነው ትምህርት ቤት ተቀምጠን አይደለም። አድገን፣ አስተማሪ ከሆንን በኋላ ነው።

ይህንኑ ለልጁ ልንመልስለት አፋችንን ስንከፍት ከኋላ ወንበር የተቀመጠች የጋሞ ልጅ ቀደመችን። «እናንተስ በጦርነትም ቢሆን ተጠርታችኋል፤ እኛን ሲጠሩን ሸማኔ ለማለት ብቻ ነው» አለች። አሁን የሳቀ አልነበረም።

ውድ አንባቢያን፣ የዚች ልጅ ንግግር ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን። ስለ ሙስሊሙ ድርሻ ብቻ ብናወራ ኖሮ ጽሑፉ ገና ድሮ አልቆ ነበር፤ ብሶታችንን በቃላችን እናውቀዋለን። በአንድ ክፍል የተቀመጡ የሁለት ቤት ልጆች ግን አንድ መጽሐፍ ገልጠው ሁለቱም ራሳቸውን ሲያጡት ነገሩ ከእኛ ብሶት ይሰፋል። በሀገራችን «ብዝኀነትን ያካተተ ሥርዓተ ትምህርት» ሲባል ሠላሳ ዓመት አልፎታል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቀደ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖዎች ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ደነገገ። የሁለቱንም ሐሳብ እንደግፋለን። ጥያቄው ሐሳቡ ወደ ክፍል ሲወርድ ማን ተጠይቆ፣ በማን እጅ ተሠራ የሚለው ነው። ለዚህ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ አርባ ምንጭ ራሷ ምስክር ናት።

ከሠላሳ ዓመት በላይ ዕድሜ ያላችሁ የአካባቢያችን ሰዎች «ወጋጎዳ» የሚለውን ቃል አትረሱትም። ለታናናሾቻችሁ እንንገራቸው። በዚያን ጊዜ ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋ፣ ዳውሮና ሌሎችም ሕዝቦች በሰሜን ኦሞ ዞን ሥር ነበሩ፤ የዞኑም ዋና ከተማ አርባ ምንጭ ነበረች። የአራቱ ሕዝቦች ቋንቋዎች የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ የቋንቋ ሊቃውንት «ኦሜቶ» በሚል በአንድ ይመድቧቸዋል። ጋምኛ የሚናገር ሰው ሶዶ ገበያ ወርዶ ብዙውን ነገር ይግባባል። ታዲያ የዞኑ ባለ ሥልጣናት «እነዚህ ከተቀራረቡ ለምን አራት መጽሐፍ እናሳትማለን?» አሉ። ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከጎፋና ከዳውሮ የመጀመሪያዎቹን ፊደላት ወስደው «ወጋጎዳ» የሚል ስም አወጡ፤ ከአራቱም ቃላት እያውጣጡ መማሪያ መጽሐፍ አዘጋጁ። ወጪ ይቆጥባል፣ ሕዝቡንም ያቀራርባል ተባለ።

በእኛ ግምት ከአዘጋጆቹ መካከል በቅን ልቡና የሠሩ አይጠፉም። መጽሐፉ ግን የማንም እናት የማትናገረው ቋንቋ ነበር። ሕፃኑ ቤቱ የሰማውን ቃል በአንዱ መስመር ያገኘዋል፤ በሚቀጥለው መስመር የጎረቤቱን ቃል ያገኛል፤ በሦስተኛው ግን ጎረቤቱም እርሱም የማያውቁትን። በወላይታ በኩል ቁጣው የበለጠ ነበር፤ ምክንያትም አለው። ወላይትኛ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማንበቢያ ከሆኑት 15 ቋንቋዎች አንዱ ነበረ፤ አዋቂዎች ሳይቀሩ ፊደል የቆጠሩበት ቋንቋ ነው። እርሱን ከልጆቻቸው እጅ ነጥቆ በቢሮ የተቀመመ ሌላ ቋንቋ መስጠት ለነርሱ ስማቸውን እንደ መሰረዝ ነበር። የተቃወሙ መምህራን ከቦታቸው ተዛወሩ። በ1992 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በሶዶ ተማሪዎችና ነዋሪዎች አደባባይ ወጡ። ጥይት ተተኮሰ፣ ሰው ሞተ፣ ቆሰለ፣ ታሰረ።

እኛ በዚያን ጊዜ የስምንት ዓመት ልጆች ነበርን። አባታችን ጨርቅ ነጋዴ ስለነበሩ በየሳምንቱ ወደ ሶዶ ይመላለሱ ነበር፤ በዚያ ሰሞን መንገዱ አያስተማምንም ብለው ቀሩ። ማታ ከጎረቤት ጋር ሲነጋገሩ «በመጽሐፍ ምክንያት ሰው ሞተ» ሲሉ ሰማን። ከመድረሳ መጥተን ሉሓችንን ግድግዳ ላይ ሰቅለን ነበር። መጽሐፍ ሰውን እንዴት ይገድላል ብለን እናታችንን ብንጠይቃቸው «ተኙ» አሉን።

መጽሐፉ ተሰበሰበ። በ1993 ዓ.ም. ዞኑም ፈረሰ፤ ወላይታ፣ ዳውሮና ጋሞ ጎፋ ለየብቻ ዞን፣ ባስኬቶና ኮንታ ደግሞ ልዩ ወረዳ ሆኑ። ጋሞና ጎፋም በ2011 ዓ.ም. ተለያዩ። ሁሉንም በአንድ መጽሐፍ ምክንያት የመጣ ነው አንልም፤ ሌላም ብዙ ነገር ነበረ። ዳሩ ግን ሊያቀራርብ የተጻፈ መጽሐፍ እንዲህ ያለ ፍጻሜ ማየቱ ሥርዓተ ትምህርት ለሚያዘጋጅ ሰው ሁሉ ሊያስደነግጥ ይገባል። ወንድማማቾች መልካቸው ስለተመሳሰለ በአንድ ስም አይጠሩም።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመናል። ጋሞ «ዱቡሻ» የሚባል የመሰብሰቢያ አደባባይ አለው፤ አገር የሚመለከት ጉዳይ ሲኖር ሽማግሌዎችና ሕዝቡ እዚያ ተቀምጠው ይነጋገሩበታል። እኛ ሙስሊሞች ደግሞ ሹራን የምናውቅ ሕዝብ ነን። ወጋጎዳ ሲዘጋጅ አንዱም ዱቡሻ ላይ ቀርቦ «ልጆቻችሁ በዚህ ይማሩ ወይ?» ተብሎ ቢጠየቅ ኖሮ አዘጋጆቹ መልሱን በአንድ ከሰዓት በኋላ ያገኙት ነበር።

ከወጋጎዳ በኋላ መንግሥትም ሕዝቡም ተማረ፤ ቋንቋን ማደባለቅ ቀረ። በምትኩ ግን ሌላ ነገር መጣ፤ ማሳየት። በየዓመቱ ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲከበር ትምህርት ቤቶቻችን በባህል ልብስ ይደምቃሉ። ልጆች ይጨፍራሉ፣ ወላጆች ፎቶ ያነሣሉ። ጥሩ ነው፤ ማንም ልጅ የሌላውን ልብስ በማየቱ አልተጎዳም። ጉዳቱ ያለው «የተለያየን ነን» የሚለው ትምህርት እዚያው ተጀምሮ እዚያው ሲያልቅ ነው። ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በእንግሊዝ አገር በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የስደተኛ ልጆችን ባህል በትምህርት ውስጥ ለማካተት ብዙ ተደክሞ ነበር፤ በ1985 ሎርድ ስዋን የመሩት ኮሚቴ «ትምህርት ለሁሉም» የሚል ወፍራም ሪፖርት አወጣ። የዚያን ዘመን ተቺዎች ግን በክፍል ውስጥ የሚታየውን «ሳሪ፣ ሳምቡሳና የብረት ከበሮ» እያሉ ያፌዙበት ነበር። ሳምቡሳውን ቀምሶ የጎረቤቱን ታሪክ የማያውቅ ልጅ ነው ያፈራችሁት ማለታቸው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስናስተምርበት በነበረ ትምህርት ቤት እንዲህ ሆነ። ለበዓሉ ተማሪዎች በየብሔረሰባቸው ተለይተው እንዲሰለፉ ተነገረ። አንዲት ልጅ መሀል ላይ ቆማ ቀረች። አባትዋ ስልጤ፣ እናትዋ ጋሞ ናቸው፤ ቤታቸው የሚነገረው አማርኛ ነው፤ በጭንቅላትዋ ላይ ሂጃብ አለ። አስተባባሪው «አንቺ የየትኛው ነሽ?» አሏት። ልጅቱ ዝም አለች። «በይ የጋሞውን ልበሺ፤ ሻሹን ግን አውልቂው፤ ከልብሱ ጋር አይሄድም» አሏት። ሰውየው ክፉ አልነበሩም፤ ፎቶው እንዲያምር ነው የፈለጉት። ልጅቱ ግን ወደ ክፍል ተመልሳ ብቻዋን ተቀመጠች። እኛም ያን ጊዜ ጀማሪ አስተማሪ ነበርንና አንድ ቃል አልተነፈስንም። እስከ ዛሬ የሚቆጨን ይህ ነው። (በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሂጃብ የለበሱ ተማሪዎች ጉዳይ እስከ ፍርድ ቤት መድረሱን ታስታውሳላችሁ፤ እርሱ የበር ጉዳይ ስለሆነ ለብቻው ሊጻፍበት ይገባል። እኛ ዛሬ የምንናገረው በሩን አልፋ ከገባች በኋላ ስለሚጠብቃት ነገር ነው።)

ታዲያ ከልብስና ከጭፈራ ሌላ ምን ይማሩ? አንድ ምሳሌ እዚሁ አለን። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በተፈጸመው ግድያ ከተጎዱት ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። ሐዘኑ አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ ተቆጣ፤ በከተማችን የሚኖሩ የሌላ ብሔር ተወላጆችን ለመበቀል ተነሣ። በዚያን ጊዜ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው መንገድ ላይ በወጣቶቹ ፊት ተንበረከኩ። በጋሞ ባህል ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ አልፎ መሄድ አይቻልም። ወጣቱ ቆመ፤ ከዚያም ተመለሰ። ተማሪዎቻችን ያን ጊዜ ገና ሕፃናት ነበሩ፤ ዛሬ በስልክ ላይ በሚዞረው ቪዲዮ ነው የሚያውቁት። ስንጠይቃቸው «ሽማግሌዎች ለመኑ» ይላሉ። ሣሩ ለምን እንደ ተያዘ፣ ሽማግሌው ያን ሥልጣን ከየት እንዳገኘ፣ ወጣቱ ለምን እንዳልደፈረ የሚያስረዳ ግን ከክፍሉ አንድ ሁለት ልጅ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ለአገር በቀል ዕውቀትና ለግብረ ገብ ቦታ ሰጥቻለሁ ይላል። እንግዲያውስ ለግብረ ገብ ክፍለ ጊዜ ከዚህ የተሻለ ትምህርት የት ይገኛል? የሸማኔ ሥዕል የሰለቻት ልጅም በዚያ ቀን ቀና ብላ ትቀመጥ ነበር።

እስካሁን የነቀፍነው ሌላውን ነው። አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ፤ አንዳንድ አንባቢዎቻችን እዚህ ላይ ቅር ሊሰኙብን ይችላሉ።

ባለፈው ዓመት አንድ የምናከብራቸው አባት ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ልጃቸው ስለ «ዮ ማስቃላ»፣ ማለትም ጋሞ በመስከረም ወር ስለሚያከብረው በዓል፣ ሽማግሌ ጠይቆ እንዲጽፍ የቤት ሥራ ተሰጥቶት ነበር። «መምህር፣ አንተ የቁርኣን ልጅ ነህ፤ ልጄን የሰው ዒድ ታስጠናብኛለህ? ይህ ሺርክ አይደለም ወይ?» አሉን። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም። አንድ አባት ልጁ በሃይማኖቱ እንዳይናወጥ መሥጋቱ ግዴታው ነው፤ አስተማሪም በማስጠናትና በማሠራት መካከል ያለውን ድንበር ሊጠብቅ ይገባዋል። ልጁ በዓሉን አክብር ተብሎ ቢሆን ኖሮ ከእርሳቸው ጋር በአንድ ላይ እንጮህ ነበር።

ነገር ግን ማወቅ ማመን አይደለም። ይህን የተማርነው ደግሞ ከዘመናዊ ትምህርት ቤት ሳይሆን ከመድረሳ ነው። የተፍሲር ሊቃውንት የቁርኣንን ዐረብኛ ለማስረዳት የጃሂሊያ ዘመን ግጥሞችን ያጠኑና ለማስረጃነት ይጠቅሱ ነበር። በእነዚያ ግጥሞች ውስጥ የወይን ጠጅም ጣዖትም አለ። ግጥሙን በማጥናታቸው ወደ ጃሂሊያ የተመለሰ ሊቅ የለም። አል-ቢሩኒም ሳንስክሪት ተምሮ የሂንዱዎችን እምነትና ሥርዓት በ1030 እ.ኤ.አ. ገደማ በመጽሐፍ ሲያስፍር ሙስሊምነቱ አልጎደለም። ሱረቱል ሑጁራት በ13ኛው አያ ሰዎች ሕዝቦችና ጎሳዎች ተደርገው የተፈጠሩት ይተዋወቁ ዘንድ መሆኑን ይነግረናል፤ ጎረቤቱ በመስከረም ለምን እንደሚደሰት የማያውቅ ሰው ምኑን ተዋወቀው?

ይህን ለአባትየው በትሕትና ነገርናቸው። ከዚያም አንድ ጥያቄ ጠየቅናቸው፦ «የጋሞ ልጆች ስለ ረመዳን ከመጽሐፍ እንዲማሩ አይፈልጉም ወይ?» «እንዴታ! እፈልጋለሁ እንጂ» አሉ። ትንሽ ዝም አሉና «ገባኝ፤ ግን ልቤ አልወደደውም» ብለው ሄዱ። ልጃቸው የቤት ሥራውን አልሠራም። ማርክ አልቀነስንበትም፤ ትክክል ይሁን ስሕተት እስከ ዛሬ አናውቅም።

ይባስ ብሎ የሚያሳፍረን ደግሞ ሌላ አለ። እኛ በመድረሳችን ውስጥ ለልጆቹ ቋንቋ ምን ቦታ ሰጥተናል? ስንቀራ ኡስታዛችን ከወሎ የመጡ ነበሩና ትርጉሙን የሚነግሩን በአማርኛ ነበር። እርሳቸው ባለውለታችን ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው። ነገር ግን እናታችን ጋሞ ናቸው፤ እስልምናን ከአባታችን ጋር ሲጋቡ ተቀበሉ፤ አማርኛ የገበያ ያህል እንጂ አያውቁም። ልጆች ሳለን «ያ ኡስታዝ ዛሬ ምን አለ?» ሲሉን በአማርኛ ሸምድደን እናነበንብላቸዋለን፤ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ገብቷቸው ይመስለን ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ነው ፋቲሓን በየሰላታቸው እየቀሩ አንዱንም ቃል ትርጉሙን እንደማያውቁት የተረዳነው። ማንም በገዛ ቋንቋቸው ነግሯቸው አያውቅምና። ሱረቱ ኢብራሂም በ4ኛው አያ መልክተኞች ሁሉ በሕዝባቸው ቋንቋ እንደ ተላኩ ያስተምራል፤ ሱረቱ ሩም በ22ኛው አያ የቋንቋችሁ መለያየት ከአላህ ተዓምራት አንዱ ነው ይላል። መንግሥት ልጆቻችንን በመጽሐፉ ረሳቸው ብለን የምንከስ ሰዎች እናቶቻችንን በመድረሳችን ረስተናቸዋል።

ስለዚህ ከሁለት ወር ወዲህ ዓርብ ዓርብ ከዐስር ሰላት በኋላ ጥቂት ሰዎች እየተሰበሰብን የፋቲሓን ትርጉም በጋምኛ ለማዘጋጀት ጀምረናል። መጽሐፍ አይደለም፤ በአንዲት ወረቀት ላይ የሚሰፍር፣ ለእናቶች ድምፅ ከፍ ተደርጎ የሚነበብ ነገር ነው። አንድ ዐረብኛ ጠንቅቀው የሚያውቁ ኡስታዝ፣ እኛ፣ የጨንቻ ተወላጅ የሆኑ አክስታችንና ከቦንኬ የመጡ አንድ ሽማግሌ አለንበት። ያ በክፍል ውስጥ የጠየቀን ልጅም ይመጣል፤ ጸሐፊያችን እርሱ ነው። እስካሁን ከመጀመሪያው አያ አላለፍንም። «ረሕማን» እና «ረሒም» ሁለቱም ከምሕረት የመጡ ቃላት ናቸው፤ በአማርኛም ቢሆን ተርጓሚዎችን አስቸግረዋል። አክስታችን ለመጀመሪያው አንድ ቃል ሰጡን። የቦንኬው ሽማግሌ «እኛ ዘንድ ይህ የሚባለው እናት ለልጅዋ ስትሆን ብቻ ነው» ብለው ሌላ ቃል አመጡ። አክስታችን «ያንተኛው ቃል እኛ አገር የለም» አሉ። ልጁ እስክሪብቶውን እንደያዘ ወደ እኛ ዞረና «ቲቸር፣ ሁለቱን ላደባልቃቸው?» አለ። ሽማግሌው ሳቁና «ኧረ ልጄ፣ እርሱስ ተሞክሮ ነበር» አሉት።

ሁለቱንም ቃላት አጻፍነው፤ የጨንቻው እዚህ፣ የቦንኬው እዚያ። በሚቀጥለው ዓርብ እናታችንና ሌሎች እናቶች መጥተው ሰምተው ይነግሩናል።